የጓሮ ዶሮ የአንጀት ትሎች፦ ምርመራና ሕክምና

ጥሬ የማይጎድልባት ዶሮ ከዕለት ወደ ዕለት ስትከሳ ይታያል። ደረቷ ሲዳሰስ አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት ይወጣል፤ በአናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፤ እንቁላል መጣሏም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ባለቤቷ የትል መድኃኒት ለመግዛት ይቸኩላል። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን በሽታው በእርግጥ ትል መሆኑና የትሉ ዓይነት ነው።

በጓሮ ዶሮዎች ላይ አዘውትሮ የሚገኘው አስካሪዲያ ጋሊ የተሰኘው የዶሮ ወስፋት ነው። በትንሹ አንጀት ውስጥ የሚኖር ነጭ ትል ሲሆን እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። የሕፃናት ወስፋት ሌላ ዝርያ ስለሆነ፣ ይህኛው ወደ ልጆች ይተላለፋል ተብሎ አይሰጋም። ከኩስ ጋር የሚወጡት የትሉ እንቁላሎች በሞቃትና እርጥብ መሬት ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ ለማስያዝ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ለብዙ ወራት ሳይሞቱ ይቆያሉ። ዶሮዎች መሬት ሲጭሩ አብረው ይለቅሟቸዋል። ይበልጥ የሚጎዱት ከሦስት ወር በታች ያሉት ናቸው፤ ትሉ ሲበዛ አንጀታቸውን እስከ መድፈን ይደርሳል። እንደ ፀጉር የቀጠነው ካፒላሪያ በዓይን ለማየት ያስቸግራል። የዶሮ ኮሶ ትል ደግሞ ዶሮዎች ከሚለቅሟቸው ጉንዳኖችና ጢንዚዛዎች ይመጣል።

ለምርመራ ከተለያዩ ዶሮዎች የተሰበሰበ ትኩስ ኩስ ወደ እንስሳት ሕክምና ጣቢያ ይወሰዳል። በዚያም በጨው በጠገበ ውኃ ሲበጠበጥ የትሉ እንቁላሎች ይንሳፈፋሉ፤ በማይክሮስኮፕም ይታያሉ። ሆኖም ወጣት ትሎች እንቁላል መጣል ሳይጀምሩ ለሳምንታት አንጀትን ስለሚጎዱ፣ ኩሱ ንጹሕ መሆኑ ብቻ ዶሮዋን ነጻ አያደርጋትም። የበለጠ የሚታመነው አንጀቱን በቁመቱ ሰንጥቆ በውኃ ውስጥ ማየት ነው። ለበዓል ዶሮ በሚታረድበት ቤት ይህ ምርመራ ምንም ወጪ የለውም፤ የሚያሳዝነው አንጀቱ ሳይታይ መጣሉ ነው።

የጫጩቶች ኩስ ደም ከቀላቀለ ኮክሲዲዮሲስ፣ አንገት ከተጠማዘዘና ዶሮዎቹ በብዛት ካለቁ ደግሞ ፈንግል ሊጠረጠር ይገባል። የትል መድኃኒት ለሁለቱም አይፈይድም።

ፓይፐራዚን የሚያስወግደው የጎለመሰውን ወስፋት ብቻ ነው። ፌንቤንዳዞልና ሌቫሚሶል ሌሎች ድቡልቡል ትሎችንም ይገድላሉ፤ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል ያስፈልጋል። መጠኑ በዶሮዋ ክብደት ልክ በባለሙያ ይወሰን። መድኃኒቱ በውኃ የሚሰጥ ከሆነ በጣም የታመመችው ጥቂት ስለምትጠጣ ለብቻዋ መያዝ አለባት። በመለያው ላይ የተጻፈው የመታቀቢያ ጊዜ እስኪያልፍ እንቁላሏም ሥጋዋም አይበላም፤ ለገበያም አይቀርብም።

የታከመች ዶሮ ወደ ቀድሞው እርጥብ ጉዝጓዝ ከተመለሰች ትሉ እንደገና ይይዛታል። ብዙዎቹ የጸረ ተሕዋስያን ኬሚካሎች የወስፋትን እንቁላል አይገድሉም፤ ስለዚህ ጉዝጓዙ ተጠርጎ ይወጣል፣ ቤቱ ለፀሐይ ተከፍቶ ይደርቃል፣ መኖው ከመሬት ከፍ ባለ ገበቴ ይቀርባል፤ ጫጩቶችም ከትልልቆቹ ተለይተው ያድጋሉ።