ትልቅና ትንሽ የሌለው ፊደል

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ የምትገኝ የደራ ከተማ ናት። በአንድ ወገኗ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ከተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ያደገው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በሌላው ወገን፣ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ዳገቱን ለወጣ፣ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ከሁለቱም በፊት ግን ይህ አገር የጉባኤ ቤት አገር ነበር። ቀልዳቸው ሊቅነታቸውን የሸፈነባቸው አለቃ ገብረ ሐና የዚሁ አካባቢ፣ የፎገራ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው የተነሣው የተክሌ አቋቋም እስከ ዛሬ በደብረ ታቦር ይዘመማል።

የሐሙሲት ልጅ ወደ የትኛውም የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ቢገባ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከሆነ ከመመረቁ በፊት «ኮምፓይለር ዲዛይን» የሚባል ኮርስ ይጠብቀዋል። ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚለውጠው መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሚሰጠው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተናም ውስጥ ስላለ ተማሪው ሰንጠረዥ መሙላቱን፣ የሰዋስው ሕግ መገልበጡን አጥንቶ ይገባል። በዚህ ጥናት መሀል የሚጠፋው ነገር፣ እያንዳንዱ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሕግ አንድ ሰው አንድ ቀን የወሰነው ውሳኔ መሆኑ ነው። ውሳኔው ሲወሰን ማን በአእምሮው እንደነበረና ማን እንዳልነበረ የሚጠይቅ መምህር ብዙ አላየሁም።

ሙያው ራሱ ገና ወጣት ነው። በጆን ባከስ የሚመራው የአይቢኤም ቡድን ፎርትራን የተባለውን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያስረክብ፣ የቋንቋው የመጀመሪያ ኮምፓይለር የአንድ ሰው የ18 ዓመት ሥራ ያህል ጉልበት እንደፈጀ በመማሪያ መጻሕፍት ተጽፏል። ቀጥሎ የመጣው አልጎል 60 የቋንቋን ሕግ በአጭር ምልክት መጻፍን አስለመደ፤ ምልክቱም በባከስና በዴንማርካዊው ፒተር ናውር ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ የሙያው ሰው በታወቀ መጽሔት ላይ ደብዳቤ አወጣ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሳንስክሪትን ሰዋስው በ4,000 ያህል አጫጭር ሕጎች የደነገገው ህንዳዊው ፓኒኒ ቀድሟቸዋልና ስሙ ይጨመር የሚል ነበር። ስሙ አልጸናም፤ ክርክሩ ግን ተመዘገበ።

ለእኛ ሊቃውንት እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፈ አላውቅም። ቢጻፍ ግን የሚባል ነገር ነበረው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሥ ሲያወርድ የግእዝን ግሦች አንድ በአንድ አይሸመድድም። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማህረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ የሚባሉ ስምንት አርእስት አሉ፤ ሌላው ግሥ ሁሉ ሠራዊታቸው ነው። አርእስቱ በቀዳማይ፣ በካልአይ፣ በሣልሳይና በትእዛዝ እንዴት እንደሚረባ ያወቀ፣ ሰምቶት የማያውቀውን ሠራዊትም ያረባል። ጥቂት ሕግ ይዞ ብዙ ቃል ማውጣት ማለት ይህ ነው፤ የኮምፓይለር ኮርስ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም የሚያስተምሩት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ተመሳሳይነቱን ከዚህ በላይ መጎተት ግን አይገባም። ባለ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና የምትመሰገነው አንዱ ቃል ሰምም ወርቅም ሲያዘንብ ነው። ኮምፓይለር ደግሞ ሁለት ፍቺ ያለው ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመው ይጨነቃል። ሁለት «ከሆነ» ተደራርበው አንድ «አለዚያ» ሲከተል፣ «አለዚያ» የየትኛው ነው? የአልጎል ሰዎች በዚህ ጥያቄ ብቻ ብዙ ወረቀት ጨርሰዋል። የቅኔው መሪጌታ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለው ነበር።

ወደ ፊደሉ እንምጣ፤ የእኛ ጉዳይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። እነ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለው ሥርዓት ግእዝን በላቲን ቁልፎች የሚጽፍ ነበር፤ ተን ከጠ የሚለየውም በላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው። ፊደላችን የራሱን ቦታ፣ የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚመዘግበው በዩኒኮድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እንግዲህ የቋንቋ ነዳፊዎች ምርጫ ሆነ።

ጃቫ ከመነሻው ለዩኒኮድ ፊደላት ክፍት ነበር። ፓይዘን በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሦስተኛው ትውልድ ነው። ዛሬ አንድ የደብረ ታቦር ተማሪ «ዋጋ = 5» ብሎ ቢጽፍ ፓይዘን ያለ ማንገራገር ይቀበለዋል። በመጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ቢያስቀምጥ ግን የማይታወቅ ምልክት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ቁጥሮቹ ደግሞ የባሰ ያስገርማሉ። ፓይዘን «፩ አሃዝ ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ይላል፤ ወደ ቁጥር ለውጠው ሲባል እምቢ ይላል። የዐረብንና የህንድን አሃዞች ግን ይለውጣል። እዚህ ላይ ፓይዘንን አልወቅሰውም። የእኛ አኃዝ ዜሮ የለውም፣ ፳፫ም ሃያ እና ሦስት እንጂ ሁለት-ሦስት አይደለም፤ እንደ አሥርዮሽ ማንበቡ ነበር ስሕተቱ። ዩኒኮድ መጀመሪያ ዘጠኙን አሃዞች ከአሥርዮሾቹ ጋር መድቦ ኋላ ላይ አውጥቷቸዋል፤ ቀድመው በስም ውስጥ የገቡት እንዳይፈርሱ ሲል ግን ልዩ ፈቃድ ተወላቸው። ስለዚህ በፓይዘን «ተማሪ፩» ሕጋዊ ስም ነው፣ «ተማሪ፲» ግን አይደለም። እንዲህ ያለውን የታሪክ ጠባሳ በፈተና ጥያቄ ውስጥ አታገኙትም።

ጎ የሚባለው የጉግል ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ሲሆን አንድ የሚያምር ሕግ ይዞ መጣ፤ ከአንድ ጥቅል ወጥቶ ለሌሎች የሚታይ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምር። ሌላ ማወጃ ቃል አያስፈልግም። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ሕጉ ቀላልና ንጹሕ ነው። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውምና በግእዝ የተሰየመ ነገር ሁሉ ከቤት ሳይወጣ ይቀራል፤ ላውጣው ያለ ሰው ከፊቱ «ኤክስ» የምትባለውን የላቲን ፊደል ይለጥፍበታል። ከቋንቋው ነዳፊዎች ሁለቱ፣ ሮብ ፓይክና ኬን ቶምፕሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ዩቲኤፍ-8ን የፈጠሩት ሰዎች መሆናቸው ደግሞ ነገሩን ያጣፍጠዋል፤ ዛሬ ግእዝ እያንዳንዱን ፊደል በሦስት ባይት ጠቅልሎ በኢንተርኔት የሚጓዘው በእነሱ መንገድ ነው። የጎ ባለቤቶች መፍትሔው አጥጋቢ እንዳልሆነ ራሳቸው ጽፈዋል። የክፋት ጉዳይ አይደለም፤ ሕጉ ሲወጣ ትልቅ ፊደል የሌለው ሰው ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

ታዲያ በአማርኛ ቃላት የሚሠራ የራሳችን ቋንቋ ይሠራ የሚል ሐሳብ ወጣቶቹ ዘንድ ደጋግሞ ይነሣል። ሩሲያውያን አድርገውታል፤ «አንድ ኤስ» የተባለው የሂሳብ አያያዝ ሥርዓታቸው በሩሲያኛ ቃላት የሚጻፍ ቋንቋ አለው፣ እንጀራም ይበላበታል። ነገር ግን የእንግሊዝኛውን ቁልፍ ቃል ነቅሎ አማርኛ መትከል ብቻውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ልብስ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ያደርጋል፤ «ሁለትና ሦስትን ደምር»። ይህ ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ቻርልስ ሙር የሠራው ፎርዝ የሚባል ቋንቋ ቁጥሮቹን አስቀድሞ መደመሪያውን የሚያስከትል ነው። አውስትራሊያዊው ዴሚያን ኮንዌይም እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በፐርል ላይ የላቲን ሰዋስው አስገብቶ፣ የቃል ቦታ ሳይሆን የቃል መጨረሻ ሙያን የሚለይበት ቋንቋ ለጨዋታ ሠርቷል። የእኛም «ን» የምትሠራው ያንኑ ነው።

የአማርኛን ቃል በሕግ መበተን እንደሚቻል ያሳየው ትልቅ ሥራ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማይክል ጋሰር ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ ነው። አማርኛን፣ ትግርኛንና ኦሮምኛን የሚተነትን የፓይዘን ፕሮግራም ሲሆን፣ «አልሰበረችውም» የመሰለውን ቃል ከነአፍራሹ፣ ከነባለቤቱና ከነተሳቢው ለይቶ ያወጣል። የሚሠራውም ተማሪው በኮርሱ መጀመሪያ በሚማረው በፋይናይት ኦቶማታ ዘመድ ነው።

ለሐሙሲት ልጅ የላብራቶሪ ሥራ ብሰጥ የተለመደውን የሲ ቋንቋ ቅጂ አላሠራውም። «ሁለትና ሦስትን ደምር» ብሎ አምስት የሚመልስ ማስሊያ ሥራ እለዋለሁ። ከቃሉ መጨረሻ «ና»ን እና «ን»ን ባገኘ ቁጥር ደጋግሞ የሚቆርጥ ቶከን (ቃል) ለቃሚ በአንድ ከሰዓት ይጽፋል፤ በማግሥቱ «ዘጠናና ሚሊዮንን ደምር» ስለው ማሽኑ «ዘጠ» እና «ሚሊዮ» የሚባሉ ቁጥሮች አላውቅም ይለዋል።