የጎደሬ ጠጠር፦ የሃካ ቤተሰብ ሙያ በሲንጋፖር

ጎደሬው ገና በእንፋሎት ላይ እንዳለ፣ እጅ እያቃጠለ መደቆስ አለበት። ከቀዘቀዘ ከካሳቫው ዱቄት ጋር አይዋሃድም፤ ሊጡ ይሰነጣጠቃል። አንዱ ይደቁሳል፣ ሌላው ዱቄት እየነሰነሰ ያሻል፣ የቀሩት ሊጡን እየቆነጠሩ ያድቦለቡላሉ። ከዚያ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከሁለቱም ወገን ጫን ሲያደርጉት መሃሉ ጎድጎድ ይላል። መረቁን የሚይዘው ያ ጎድጓዳ ነው።

ቅርጹ ቻይናውያን ነጋዴዎች ሒሳብ የሚሠሩበትን የአባከስ ጠጠር ስለሚመስል ሃካዎች «የአባከስ ፍሬ» ብለው ጠሩት። ከተፈጨ ሥጋ፣ ከደረቀ ሽሪምፕና ከእንጉዳይ ጋር ተቆልቶ ይቀርባል። በአዲስ ዓመት መብላቱ ሀብት የሚቆጠርበት ዘመን እንዲመጣ መመኘት ነው።

ሃካ የሚለው ስም ራሱ «እንግዳ ቤተሰብ» ማለት ነው። ከሰሜን ቻይና በየዘመኑ እየተሰደዱ ወደ ጓንግዶንግ፣ ፉጂያንና ጂያንግሺ የወረዱ ሰዎች ናቸው። ለሙን ሜዳ ቀድሞ የሰፈረው ሕዝብ ይዞት ስለነበር ለእነሱ የቀረላቸው ተራራው ነበር። በጓንግዶንግ ከነባሩ ሕዝብ ጋር ከ1855 እስከ 1867 (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ደም ተፋሰዋል።

ይህ ኑሮ ማዕዳቸው ላይ ይታያል። ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ የሚውል ሰው ጨውና ስብ ይፈልጋል፤ ሩቅ ያለ ገበያም የሚቆይ ምግብ ያስመኛል። የሰናፍጭ ቅጠል በጨው ታሽቶ ደርቆ ከሰባ የአሳማ ሥጋ ጋር ይበስላል፤ ዶሮም በጋለ ጨው ተቀብሮ ይጠበሳል። በደቡብ ስንዴ ባለመገኘቱ በሊጥ ፋንታ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ ሰንጥቀው ሥጋ ሞሉበት ይባላል። ዛሬ ዮንግ ታው ፉ የሚባለው ይህ ነው።

ድህነትና ጦርነት እንደገና አሰደዷቸው፤ የዚህኛው ስደት አንዱ መዳረሻ የማላያ የቆርቆሮ ማዕድን ነበር። በ1857 ዛሬ ኳላ ላምፑር ወዳለችበት ስፍራ፣ ወደ አምፓንግ ጫካ፣ 87 ማዕድን ቆፋሪዎች ተላኩ። ወር ሳይሞላ ወባ ጨርሷቸው በሕይወት የቀሩት 18 ብቻ ነበሩ። ከተማዋን በኋላ ያቀናው ያፕ አ ሎይም ሃካ ነው። አምፓንግ ዛሬ በማሌዢያ ስሟ የሚነሳው በዮንግ ታው ፉዋ ነው፤ ባሚያው፣ ቃሪያውና ደበርጃኑ ሳይቀር በዓሣ ሊጥ ይሞላል።

በሲንጋፖር ሃካዎች ጥቂት ናቸው፤ ከ100 ቻይናውያን 9 ቢሆኑ ነው። ማኅበራቸው ኢንግ ፎ ፉይ ኩን ግን በ1822፣ እንግሊዞች የንግድ ጣቢያቸውን በተከሉ በ3 ዓመቱ ተመሥርቷል። ከጓንግዶንጉ ዳቡ አውራጃ የመጡት ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ በማበደርና በባህል መድኃኒት ንግድ ታወቁ። ቀን አባከስ ሲያንቀሳቅስ የዋለ ሰው ለበዓል የአባከስ ፍሬ መብላቱ እንዴት የሚያምር መገጣጠም ነው!

ያኔ ምግብ የሚሸጠው መንገድ ዳር፣ በጋሪና በትከሻ ሸክም ነበር። ውሃ የለም፤ ትራፊው ቦይና ወንዝ ውስጥ ይጣላል። መንግሥት በ1968 እና በ1969 ሻጮቹን መዝግቦ፣ ከ1971 እስከ 1986 ውሃና መብራት የገባላቸው የምግብ አዳራሾች እየሠራ ከጎዳና አነሳቸው። እያንዳንዱ ሻጭ ጥቂት ካሬ ሜትር የሆነች መደብ ደረሰችው። በየቤቱ ለበዓል ይሠራ የነበረው የጎደሬ ጠጠርም እንዲህ ባለች መደብ ላይ የዕለት ገበያ ሆነ። ብዙ እጅ የሚጠይቅ ምግብ ስለሆነ በቅጥር ሠራተኛ አያዋጣም፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጅና አያት ተጋግዘው ሲሠሩት ነው ዋጋው ለደሃም ለሀብታምም የሚሆነው።

ከጎኑ የሚሸጠው ለይ ቻም ጉልበት ይፈጃል። የሻይ ቅጠል፣ ናና፣ በሶብላ፣ ሰሊጥና ኦቾሎኒ ውስጡ ሸካራ በሆነ የሸክላ ገበታ ላይ በእንጨት ዘንግ እየተሽከረከረ ይላማል። አረንጓዴው ልቁጥ በፈላ ውሃ ተበጥብጦ፣ በደቃቁ ከተከተፈ አትክልት ጋር በሩዝ ይበላል። «ለይ» መውቀጥ ማለት ነበር፤ ድምፁ ከነጎድጓድ ጋር ስለሚመሳሰል ግን በብዙ ሰው አፍ «የነጎድጓድ ሻይ» ሆኖ ቀርቷል።

ዩኔስኮ የሲንጋፖርን የምግብ አዳራሽ ባህል በታኅሣሥ 2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። ክብሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሻጮቹ በአማካይ ወደ 60 ዓመት የተጠጉ ሲሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆቻቸው ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ጎደሬ መላጥ አይሹም። በዚያው ዓመት መንግሥት አዲስ ሻጮችን የሚያሠለጥን መርሐ ግብር ጀምሯል።

ሲንጋፖር የሚያርፍ አንባቢ ወደ ሃካ መደብ በጠዋት ይሂድ። ብዙዎቹ የምሳ ሰዓት እንዳለፈ ድስታቸውን ያጥባሉ፤ በእጅ የተድቦለቦለው ጎደሬ አልቋል።