የፍርሃት ዋጋ፦ ከቀብድ እስከ ጠገራ ብር

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ በይፋ ከተከፈተ፣ የወጋገን ባንክ አክሲዮንም ቀዳሚ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ፣ በተማረው ከተሜ ዘንድ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል፦ «የገበያውን ስሜት በምን እናውቃለን?» በሠለጠነው ዓለም ያሉ ነጋዴዎች ለዚህ ጥያቄ የሚያዩት መለኪያ አላቸው፤ ኦፕሽን የሚባለውን የውል ገበያ ያነብባሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ገበያ ገና የለም። ይሁን እንጂ ነገሩ ራሱ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም የሚል እምነት አለኝ። እንዲያውም በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ ዛሬ ጭሮ በምንላት በአሰበ ተፈሪ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በሂርና ቡና የሸጠና የገዛ ሰው ሁሉ ምሥጢሩን ያውቀዋል። የማያውቁት፣ ወይም ማወቅ ያልፈለጉት፣ በየዘመኑ የነገሡት መንግሥታት ናቸው። የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ ነው።

አስቀድመን ኦፕሽን ምን እንደሆነ እንረዳ። ኦፕሽን ማለት አንድን ነገር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በተወሰነ ዋጋ ለመግዛት ወይም ለመሸጥ የሚያስችል መብት ነው። ግዴታ አይደለም። ባለመብቱ ለመብቱ ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፤ ነገሩ ካልጣመው የከፈለውን ትቶ ይሄዳል። ይህን ሲሰማ «ይህማ ቀብድ ነው!» የማይል ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1885 ይህንኑ ደንግጎታል፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን በመልቀቅ ውሉን ሊሰርዝ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለውም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ በመመለስ ሊሰርዝ ይችላል።

ለምሳሌ አንድ የገለምሶ ነጋዴ ከገበሬ ጀንፈል ቡና ከአንድ ወር በኋላ ሊረከብ ተስማምቶ 20,000 ብር ቀብድ ሰጠ እንበል። የቡና ዋጋ ክፉኛ ቢወድቅ ነጋዴው 20,000ውን ትቶ ይሄዳል። ዋጋው ቢንር ደግሞ ገበሬው 40,000 ብር መልሶ ቡናውን ለሌላ ይሸጣል። እንግዲህ የቀብዱን መጠን የሚወስነው ምንድን ነው? ዋጋው ይወርድና ገዢው ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ የሠጋ ሻጭ ከበድ ያለ ቀብድ ይጠይቃል። ዋጋው ይወጣና ሻጩ ይክደኛል ብሎ የሠጋ ገዢም ከበድ ያለ ቀብድ ለመስጠት ይቸኩላል። ሁለቱም ነገን ሲያምኑ ግን ቀብዱ ለወግ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የቀብድ ክብደት የቡናው ዋጋ ስንት እንደሆነ አይነግረንም፤ ሰዎች ነገን ምን ያህል እንደሚፈሩት ነው የሚነግረን። ዋጋና ፍርሃት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልዩነቱን መያዝ ይገባል።

በቺካጎ የሆነው ይኸው ነው፤ የተለየው በቁጥር መቀመሩ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1973 በዚያች ከተማ የአክሲዮን ኦፕሽን የሚገበያዩበት የመጀመሪያው የተደራጀ ገበያ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መለኪያዎች ታወቁ። አንደኛው የመሸጥ መብትና የመግዛት መብት ንጽጽር ነው፦ አክሲዮን ይወድቃል ብለው የመሸጥ መብት የሚገዙት ሲበዙ ገበያው ፈርቷል ይባላል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቪክስ የተሰኘው አኃዝ ሲሆን፣ ሰዎች ለኦፕሽን ከሚከፍሉት ዋጋ ተነሥቶ በመጪው አንድ ወር ገበያው ምን ያህል ይናወጣል ተብሎ እንደሚጠበቅ ያሰላል። ጋዜጠኞች «የፍርሃት መለኪያ» ይሉታል። በታላቁ የባንኮች ቀውስ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 2008፣ በ80.86 ዘጋ፤ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 2020 እስከ 82.69 ደረሰ።

እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ፍርሃት ጣሪያ ሲነካ ብዙ ጊዜ ገበያው ወደ መሬት የቀረበበት ወቅት ነው። በ2020 የአሜሪካ ገበያ ውድቀት ያበቃው ቪክስ ጣሪያ በነካ በሳምንቱ ነበር። በ2008ቱ ቀውስ ግን የመጨረሻው ወለል የተገኘው ከወራት በኋላ፣ በመጋቢት 2009 ነው። ስለዚህ መለኪያው የፍርሃቱን መጠን እንጂ የመዳኛውን ቀን አይናገርም። ሙቀት መለኪያ ትኩሳቱን ያሳያል፤ በሽተኛው መቼ እንደሚነሣ ግን አያውቅም።

ይህን መነጽር ይዘን ወደ ጨርጨር እንመለስ። አሰበ ተፈሪን ያቀናት፣ ጨርጨርንም የአዲስ አስተዳደር አብነት ለማድረግ የጣረው በ1910ዎቹ ዓመታት ገዢ የነበረው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው፤ ኋላ በጅሮንድ ተብሎ የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው፣ በወረራው ዋዜማም በጄኔቭ ስለ ሀገሩ የተሟገተው። የጨርጨር ቡና ከደጋው ወርዶ፣ በሚኤሶ በሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይጓዝ ነበር። ያ ቡና የሚገዛው በጠገራ ብር፣ ማለትም 1780 የሚል ዓመት በተቀረጸበት በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር።

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን በወረረች ጊዜ የወረቀት ሊሬ ይዛ መጣች። አንድ ጠገራ ብር በ5 ሊሬ ይመንዘር ስትልም ዐወጀች። ሕዝቡ ግን ወረቀቱን አላመነውም። ብሩን ደበቀ፣ ቀበረ፣ ለሊሬም በርካሽ አልሸጥም አለ። በገበያ የብሩ ዋጋ ከዐዋጁ እየራቀ ሄደ፤ ገዢዎቹም ኦፊሴላዊውን ምንዛሪ ደጋግመው ከፍ ለማድረግ ተገደዱ፤ በመጨረሻም ከ10 ሊሬ በላይ አደረሱት። የሚያስቀው ደግሞ ሮም ራሷ ከወረራው አስቀድማ የማርያ ቴሬዛን መቅረጫ ከቪየና ተቀብላ ጠገራ ብር ትቀርጽ እንደነበር ነው። ሊሬዋን እመኑ የምትለው መንግሥት፣ የሚታመነው የቱ እንደሆነ አላጣችውም።

ጠገራ ብር በጓዳ መቅበር ምን ማለት ነበር? ወለድ አያስገኝም፤ ሌባና ፍተሻ ያሠጋዋል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ወጪ የሚሸከመው ለአንድ መብት ሲል ነው፦ የኢጣሊያ መንግሥት የፈረሰ ዕለት ባዶ እጁን ላለመቅረት። እንግዲህ የተቀበረው ብር በአገዛዙ ውድቀት ላይ የተገዛ የመሸጥ መብት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዐዋጁና በገበያው ዋጋ መካከል የነበረው ርቀት ደግሞ የዚያ መብት ዋጋ ነው። በዚያ ዘመን የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ተቋም አልነበረም፤ ጋዜጣውም የገዢው ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ የገበያ ቀን ድምፅ ይሰጥ ነበር። በ1933 ዓ.ም. የነጻነት ዓመት፣ ሐረርና ድሬዳዋ ነጻ ከወጡ በኋላ የእንግሊዝ ጦር በሚኤሶ መሥመር ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ ብሩን ቀብሮ ያቆየው ሰው ያልተሳሳተ መሆኑ ተረጋገጠ።

እርግጥ መለኪያው ንጹሕ አልነበረም። በጥቅምት 1936 እ.ኤ.አ. ሊሬ ራሷ በዓለም ገበያ ወደ 41 በመቶ የሚሆን ዋጋዋን እንድታጣ ተደርጓል፤ ስለዚህ የብሩ መወደድ በሙሉ ለአርበኝነት የሚቆጠር አይደለም። ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሳይለይ ቢያልፍ ሐሰት ይጽፋል። ሆኖም የቀረውም ቢሆን ብዙ ይናገራል።

ከነጻነት በኋላ የመጡ መንግሥታት ከዚህ ተምረዋል ወይ? አልመሰለኝም። በመጋቢት 2001 ዓ.ም. መንግሥት ቡና አከማችታችኋል ብሎ የስድስት ታላላቅ ላኪዎችን ፈቃድ ነጠቀ። ላኪዎቹ ጻድቃን ነበሩ አልልም። ነገር ግን የሚከማች ነገር ያለው ሰው ለምን ያከማቻል ብሎ መጠየቅ ይገባ ነበር። ነጋዴ የነገው ብር ከዛሬው ያንሳል ብሎ ሲያስብ ዕቃ ይይዛል። እንዳሰበውም በመስከረም 2010 እ.ኤ.አ. የዶላር ዋጋ ከ13 ብር ተኩል ገደማ ወደ 16 ብር ዘለለ፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ብር በ15 በመቶ ዋጋው እንዲቀንስ ተደረገ። በጥቁር ገበያና በባንክ መካከል ያለው ርቀት በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይታይ ነበር፤ መልሱ ግን «አሻጥረኞች» የሚል ስድብና ዘመቻ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የጥቁር ገበያው ዋጋ ወደ ባንኩ እጥፍ ተጠግቶ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ዶላር ከ57 ብር ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ በጥቂት ወራትም ከ100 ብር አለፈ። መለኪያው ለዓመታት ሲጮኽ የነበረውን መንግሥት በመጨረሻ በፊርማው አጸደቀው።

ጨርጨር አንድ ተጨማሪ ትምህርት አላት። በአንድ የገበያ ቀን ጫትና ቡና አብረው ይሸጣሉ። ጫት ለነገ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ዋጋው የዛሬን ብቻ ይናገራል፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ መኪናው መጥቷል ወይስ ቀርቷል። ቡና ግን ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ልሽጥ ወይስ ልያዝ ሲል ነገን ይገምታል። እንግዲህ የዛሬን ችግር የሚሻ የጫቱን ገበያ ይጠይቅ፤ የነገን ፍርሃት የሚሻ ቡናው ለምን ከጎተራ እንዳልወጣ ይጠይቅ። ቡናውን ነቅሎ በምትኩ ጫት የተከለ ገበሬ ደግሞ ከሁሉ የከበደውን ድምፅ ሰጥቷል፤ ያ ድምፅ በቀላሉ አይሻርም።

አንድ ነገር ግን ልሸሽግ አልፈልግም። እነዚህ መለኪያዎች ሁሉ የሚቆጥሩት የሚያጣው ነገር ያለውን ሰው ፍርሃት ነው። ቀብድ የሚሰጥበት፣ ብር የሚቀብርበት፣ ቡና የሚያከማችበት አቅም የሌለው ድኻ በመለኪያው ላይ አይታይም፤ የዋጋው ንረት ግን ቀድሞ የሚደርሰው ለእርሱ ነው። ስለዚህ ገበያውን የሕዝብ ድምፅ ነው ብዬ አልሰብክም። ከሕዝብ ድምፅ መካከል ዝም ሊያሰኙት የማይቻለው ክፍል ነው ብል ይበቃኛል።

በአዲሱ ገበያችን አንድ ቀን ኦፕሽን ይሸጥ ይሆናል፤ የፍርሃት መለኪያም ይኖረን ይሆናል። ያን ዕለት ባለሥልጣኑ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ አኃዙ ሲያሻቅብ የትኩሳቱን ምክንያት ይፈልጋል፣ ወይስ ሙቀት መለኪያውን ይሰብራል? ኢጣሊያ በ5 ሊሬ ዐዋጅ ልትሰብረው ሞክራ ነበር። ብሩ በመሬት ውስጥ ሆኖ ጠበቃት።