በእማዬ ነጠላ የመጣ አደይ

ትንሹ ልጄ ክርስትና የተነሣው መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 28 ተወልዶ፣ የዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች፣ አርባኛው ቀን ልክ እንቁጣጣሽ ላይ ዋለ። ዕለቱ ደግሞ ቅዳሜ ነበር። አሜሪካን አገር ለሚሠራ ሰው በዓል ቅዳሜ ላይ ሲውል ምን ያህል ደስ እንደሚል የደረሰበት ያውቀዋል። አለቃ መለመን የለ፣ ሽፍት መቀየር የለ። እኔም በአራስ ወግ አርባ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ርቄ ስለቆየሁ፣ የመቅደሱን ደጅ የረገጥኩት ያን ዕለት ከልጄ ጋር ነው።

እማዬ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን የመጣችው በሐምሌ መጀመሪያ ነበር። የክርስትናውን ድፎ የጋገረችው እሷ ናት። የማኅበራችን ሴቶች ወጥ ይዘው መጡ፣ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው ጠባብ ሳሎናችን ሰው ሞላባት። ሁሉም በልቶ ጠጥቶ ቡና ሲቀርብ፣ እማዬ ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን ቢጫ አበባ ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና አገላብጣ አየችው። ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

«ሁሉም ሞልቷል፣ ተመስገን። አደይ ብቻ ነው የጎደለው» አለች።

እውነቱን ለመናገር እኔ አደይን ማሰብ ከተውኩ ቆይቼ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ የገባሁት በ1990 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹን እንቁጣጣሾች በሥራ አሳለፍኳቸው። ከዚያ መስከረም 1 ቀን 1994 መጣ። ማክሰኞ ነበር። ባለቤቴ ያኔ ታክሲ ይነዳል፤ ያን ጠዋት ናሽናል አየር ማረፊያ ተራ ይዞ ነበር። ከጠዋቱ 3፡37 ላይ አውሮፕላኑ ፔንታጎንን ሲመታ፣ ጭሱ ሲነሣ ከመኪናው ወርዶ አይቶታል። እዚያ ብቻ 184 ሰው ሞተ። አየር ማረፊያው እስከ መስከረም 24 ድረስ ተዘግቶ ስለቆየ፣ እሱና ጓደኞቹ ያን ሁሉ ቀን ሥራ ፈትተው ዋሉ። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ማታውን ነው። የጋገርኩት ዳቦ እንደተሸፈነ፣ መብራት አጥፍተን ቴሌቪዥን ስናይ አመሸን። የአዲስ ዓመታችን ቀን የጎረቤቶቻችን የሐዘን ቀን ሆነ። ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት መስከረም አንድ በዝግታ የሚታለፍ ቀን ሆነ። በዓሉን ወደሚቀጥለው ቅዳሜ ወይም እሑድ እናዞረዋለን፤ በዕለቱ ጠዋት ጸሎት እናደርስና ወደ ሥራ እንሄዳለን። ማንም አላዘዘንም። ሰው ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ ሲያለቅስ ከጎኑ እልል ማለት ስለከበደን ነው።

እንግዲህ አደይ የጎደለው እንደዚህ ነው። መጀመሪያ አበባው ጠፋ፣ ቀጥሎ ቀኑ ደበዘዘ።

ባለቤቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ቤት መግባት አይወድም። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ስለሚውል፣ እሑድ የሚነዳው ለራሱ ነው። ልጆቹን ጭኖ አንድ ጊዜ ወደ ግሬት ፎልስ፣ አንድ ጊዜ ወደ በርክ ሐይቅ፣ በጸደይ ደግሞ ጃፓኖች በ1912 እ.ኤ.አ. የሰጧቸውን የቼሪ ዛፎች ለማየት ወደ ዋሽንግተን ይወስደናል። ነጠላችንን ሳናወልቅ፣ የተቋጠረውን ዳቦ መኪና ውስጥ እየበላን ነው የምንሄደው። የክርስትናው ማግስትም እሑድ ነበርና «እማዬ አየር ትቀበል» ብሎ ሀንትሊ ሜዶውስ ወሰደን።

ሀንትሊ ሜዶውስ ከሪችመንድ ሀይዌይ ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኝ ረግረግ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሱቅና የመኪና መሸጫ በሆነ ሰፈር መሐል እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩ ይገርማል። ቀድሞ የፌዴራል መንግሥቱ መሬት ነበር፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ለፌርፋክስ ካውንቲ በ1 ዶላር ተሰጠ። ውኃው ላይ ረጅም የእንጨት መሄጃ ተዘርግቶበታል። በላዩ ስትሄዱ ከሥራችሁ እንቁራሪት ይጮኻል፣ ኤሊ ግንድ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ትልቋ ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለምትሄድ የእያንዳንዱን ወፍ ስም ታውቃለች። ስንት ዓመት ተመላልሰንበታል፤ በመስከረምም ጭምር።

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ከፊት ስትሄድ በድንገት ቆመች። እኔ ሕፃኑን ታቅፌ ከኋላ ነበርኩና የደከማት መስሎኝ ደነገጥኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?»

ከእንጨቱ መሄጃ ግራና ቀኝ፣ ከቄጠማው መሐል፣ ወገብ የሚደርስ ቢጫ አበባ ፈንድቷል። ዓይን እስኪደርስ ቢጫ ነው። እኔ «የዱር አበባ ነው» ብያት ላልፍ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ አንዷን በሁለት ጣቷ ከሥሯ ደገፈቻትና ቅጠሎቿን መቁጠር ጀመረች። ስምንት። መሐሏን አየችው፤ ጠቆር ያለ ቢጫ፣ እንደ መርፌ ጫፍ በጥቃቅን የተሞላ። አማተበች።

«አደይ ነው።»

«እማዬ፣ እዚህ አገር አደይ የለም።»

«ጅሩ ያደግሁት እኔ ነኝ አንቺ?»

እጇን ሰድዳ ልትቀነጥስ ስትል፣ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጄ ሮጣ መጣችና «አያቴ፣ እዚህ መቁረጥ ክልክል ነው» አለቻት። እማዬ እጇን ሰበሰበች። «የመንግሥት ከሆነ ይቅር» አለች፤ ግን ከዚያ ቦታ ለመንቀሳቀስ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ልጄ አላስቻላትም፣ የእንግዳ መቀበያው ድረስ ሄዳ ጠየቀች። ስሙን በወረቀት አስጽፋ ተመለሰች፤ ቢደንስ ይባላል። ማታ ቤት ገብተን ስንፈልግ የእኛም አደይ ቢደንስ ሆኖ ተገኘ። ዝርያው ይለያያል እንጂ ወገኑ አንድ ነው። እማዬ አንድም መጽሐፍ ሳትገልጥ፣ ስምንት ቅጠል ቆጥራ ነው የደረሰችበት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከአገር ቤት የምንፈልገውን ሁሉ ሰው ተሸክሞ ነው ያመጣልን። በርበሬውና ሽሮው በሻንጣ ይመጣል። ጤፉን እንኳ አይዳሆ ውስጥ መዝራት የጀመረው ዌይን ካርልሰን የሚባል ኢትዮጵያ ኖሮ የተመለሰ አሜሪካዊ ነው። ይህን አበባ ግን ማንም አላመጣውም። እኛ ስንመጣ ጠብቆን ነበር። ዝናቡ አባርቶ አገር ቤት ተራራው ቢጫ ሲለብስ፣ እዚህም ቀኑ ሲያጥር በዚያው በመስከረም ይፈነዳል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተመላልሼ፣ «አደይ የለም» እያልኩ ለልጄ የፕላስቲክ አበባ ገዝቼላታለሁ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ ገባ። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን የምናስብበት፣ እስከ ኅዳር 5 የሚቆይ ወቅት ነው። ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። እማዬ አንድም ሌሊት አልቀረችም። እኔ ሕፃኑን ይዤ ወንበር ላይ ሳሸልብ፣ እሷ ከሊቃውንቱ ኋላ እስከ ንጋት ትቆማለች። ስትመለስ ለልጄ የስደቱን ታሪክ በየመንገዱ ትነግራታለች፤ አሸዋው፣ ጥማቱ፣ ሽፍቶቹ። ልጄ አንድ ቀን «ማርያምም እንደ እናንተ ስደተኛ ነበረች ማለት ነው?» አለቻት። እማዬ «እሷስ ልጇን ይዛ በእግሯ ነው» ብላ ዝም አለች።

በጥቅምት አጋማሽ ከአንዱ ማኅሌት በኋላ፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይናችን እንደገና ሀንትሊ ሜዶውስ ሄድን። የጠየቀችው እማዬ ናት። አበባው ረግፏል። የቀረው ደረቅ ቡናማ አናት ብቻ ነበር፤ እሷ ግን ምንም አላዘነችም። ወደ መኪናችን ስንመለስ መንገዱ ዳር ያሉት ደረቅ አናቶች ነጠላዋን እየነኩ አለፉ። ቤት ገብታ ስታወልቅ ጥለቱ በጥቁር ነገር ተወርሮ አገኘችው። አምፖሉ ሥር ይዛው ቀረበች። እያንዳንዱ ዘር ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ከጫፉ ሁለት ጥርስ ያለው፤ ፈትሉን ነክሶ ይዞታል።

«ጨጎጊት!» አለች እንደ ልጅ እየሳቀች። በልጅነቷ ከብት ስትጠብቅ ቀሚሷን እየወረሰ ከእናቷ ዘንድ ያስቀጣት የነበረው ጨጎጊት የአደይ ዘመድ መሆኑን ያወቀችው ያን ቀን ነው። አንድ በአንድ እየለቀመች ስኒ ውስጥ አጠራቀመች። ማግስቱን በማንኪያ ከጓሯችን አጥር ሥር መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ በተነችው።

«በረዶ ይገድለዋል» አልኳት።

«ዘር የሚያሳድር እግዚአብሔር ነው» አለችኝ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አገሯ ገባች።

ከዚያ በኋላ በስልክ ያልተግባባነው ጊዜ ብዙ ነው። እሷ «ክረምቱ ገባ ወይ?» ስትለኝ ዝናቡን ነው፤ እኔ «ክረምቱ ወጣ» ስላት በረዶውን ነው። በሚያዝያ አጥሩ ሥር ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ቡቃያ ሲወጣ አረም መስሎኝ ሁለቱን ነቅዬአለሁ። ሦስተኛውን ስይዝ ልጄ ከመስኮት ጮኸችብኝ። በነሐሴ ደረቴ ደረሰ። ከሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር «አረም አሳድጋችኋል፣ እጨዱ» የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ያናደደኝ ደብዳቤ ነው፤ ምን እንደሆነ እንኳ ቀርበው አልጠየቁም። መልሱን ልጄ ጻፈችው። ይህ የቨርጂኒያ የራሷ ተክል መሆኑን፣ ንብ እንደሚቀስመው፣ ለእኛ ደግሞ የአዲስ ዓመት አበባ መሆኑን አስረዳች። ዳሩን በድንጋይ ከለልነው። ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

የመጀመሪያዋ አበባ ጳጉሜን 2 ፈነዳች።

ወሬው በማኅበራችን ተሰማ። በ21 የማርያምን ጽዋ የምናደርግ አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ ብለን ለቀኑ በሚቀርበው ቅዳሜ እናደርገዋለን። ያን ጥቅምት ለእያንዳንዷ በፖስታ ዘር አደልኩ። ሁሉም አልተሳካለትም። አፓርታማ የምትኖረው ጓደኛችን ዘሩን ሙቀት ያለው ሳሎኗ ውስጥ በማሰሮ ዘርታ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ምንም አልወጣም። ለካ ዘሩ ሳይበቅል በፊት የበረዶውን ወራት ከውጪ ማሳለፍ አለበት። በዓመቱ ማሰሮውን በረንዳ ላይ አሳደረችው፤ በቀለ። ብርድ ያልቀመሰ ዘር አይነቃም ስትል ስለራሷም የምታወራ ትመስለኛለች፤ እሷም እዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻዋን ያሳለፈችው በከባድ ሁኔታ ነው።

ከዚያ አበባው ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ተሻገረ። ካህናቱ በአጥሩ ዙሪያ ጥግ ሰጡን፤ የሰንበት ተማሪዎች ቆፈሩ። ደመራ የምንለኩሰው ከእሳት አደጋ ፈቃድ አውጥተን ነው፣ ቀኑም ብዙ ጊዜ ወደ ቅዳሜና እሑድ ይዞራል። ግን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የደመራው አናት ላይ የሚታሰረው ከዚያው ግቢ የተቆረጠ አደይ ነው። መጀመሪያ የታሰረ ዕለት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንድ አባት መጥተው አበባውን ሲነኩ አየሁ። ምንም አልተናገሩም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

ያ ክርስትና የተነሣው ልጄ አሥር ዓመት ሞላው። አጠገባችን የሚኖሩት ሽማግሌ ሁልጊዜ በዚያ የሐዘን ቀን ባንዲራቸውን ዝቅ አድርገው ይሰቅላሉ። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ማንም ሳይልከው፣ ከአጥሩ ሥር አንድ እቅፍ ቆርጦ ወሰደላቸው። ማታ ከሥራ ስመለስ አበባው ከባንዲራው እንጨት ሥር በብርጭቆ ተቀምጦ አየሁት። ቤት ገባሁና ከክርስትናው ዕለት በቀር፣ ከዚያ 1994 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕለቱ ዳቦ ቆረስኩ።

እማዬን በኢሞ ደወልንላት። ዓይኗ ደክሟል፣ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ ታስጠጋለች። ልጁ አበባውን ካሜራው ላይ ለጠፈላት። ጮክ ብላ ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እስከ ስምንት። መረቀችን፤ እኛም አሜን አልን። ከዚያ ስልኩን ወደ ወለሉ እንዲያዞር ጠየቀችው። ምንጣፋችንን ለትንሽ ጊዜ አየችው።

«ቄጤማውስ?» አለች። «ያ ረግረግ ውኃ አለው አይደል፤ ቄጤማም አይጠፋበትም። እዚያ መቁረጥ ክልክል ከሆነ፣ ለመጎዝጎዝ የሚሆነውን የሚሸጥ ሰው ፈልጉ እንጂ።»

ባለቤቴ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዞን ሊሄድ ነው።