ዋልያና የዛፍ ሽበት

በስሜን ተራሮች ብቻ የሚኖረው፣ ጀርመናዊው ሊቅ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሥነ ፍጥረት ምሁራን ያስታወቀው ዋልያ፣ አውራው ከአንድ ሜትር ሊያልፍ የሚችል ቀንድና ጥቁር ጢም ያለው አጥቢ እንስሳ ሲሆን፣ በዚያው ደጋ በአስታ ዛፎች ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጎ የሚታየው የዛፍ ሽበት ግን፣ ለተመልካች አንድ ተክል ቢመስልም፣ በእውነቱ የፈንገስና የአልጌ ማኅበር ነው። ፈንገሱ ማደሪያ ይሆናል፤ ረቂቁ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ሲሳይ ያዘጋጃል። ዋልያው ሣርና ቅጠል ፍለጋ ከገደል ገደል ሲዘል፣ ይህኛው፣ በእኛ አስተያየት ይበልጥ የሚደነቀው፣ ያለ ሥር ተንጠልጥሎ ውሃውን ከጉምና ከዝናም ይቀበላል። ወገኑ በብዙ ክፍላተ ዓለም ይገኛል፤ የድኝ ጢስ የበዛበትን አየር ግን አይችልም።