እግርና ሸክም፦ እናቶቻችን የሄዱበት መንገድ



በልጅነታችን በገበያ ቀን ከምሥራቅ ጎጃም ገጠር ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚጓዘው ሰው መካከል ጫማ ያለው ጥቂት ነበር። ያለውም ቢሆን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ይሄድና ከተማው ሲቃረብ እግሩን ታጥቦ ያጠልቀዋል። ጫማ የክብር ልብስ እንጂ የመንገድ ዕቃ አልነበረም። በኋላ ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ መጣ፤ ቀጥሎም የፕላስቲክ ጫማ።

ባዶ እግር ስንል ቶሎ ትዝ የሚለን አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን ያለጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። በእርግጥ ባዶ እግር የለመደ ሰው ጣቶቹ ዘርዘር ይላሉ፤ እርምጃው አጠር፣ አረጋገጡም ለስለስ ያለ ነው። ጫማ ሲያደርግ እርምጃው ይረዝማል።

ይሁን እንጂ ይህ ኩራት ዋጋ አስከፍሎናል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ባደረገው ጥናት፣ ትንኝ የማያመጣው የእግር ዝሆኔ ከቀይ አፈር ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ እየገባ እግርን ያሳብጣል። ምሥራቅ ጎጃም በሽታው ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። «የዘር ነው» እየተባለ ስንቱ ከሠርግና ከማኅበር ተገለለ! በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ሰው ይድናል።

ሸክሙስ? በጀርባ የተጫነ ሸክም ወገብን ወደፊት ያጎብጣል፣ እርምጃን ያሳጥራል፣ ሁለቱም እግሮች መሬት ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ያረዝማል። በ1978 ዓ.ም. የታተመ አንድ የኬንያ ጥናት፣ ሸክም የለመዱ ሴቶች የክብደታቸውን አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ሳያወጡ መሸከም እንደሚችሉ አሳይቷል። እስቲ እናስላው፦ 50 ኪሎ ለምትመዝን እናት ይህ 10 ኪሎ ብቻ ነው። ውኃ የሞላው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግን 20 ኪሎ ይመዝናል። ያውም በዳገት፣ በጭቃ፣ በባዶ እግር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ጫማ ገዝተን ብንልክ ግማሹን ሥራ ብቻ ነው የሠራነው። እግር የሚታጠበው በውኃ ነው፤ ውኃውን ደግሞ የምትሸከመው ያችው እናት ናት። ጫማውና የውኃ ቦኖው አብረው ይታሰቡ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። እናቶቻችን ብቻቸውን ተሸክመውልን አድገናል፤ አሁን ተራው የእኛ ነው።