ጧሪ ቀባሪ፤ ልጅ ከቤት ሲወጣ የወላጅ ኑሮና ሐሳብ በታሪክ

ስለ ትምህርትና ስለ ስደት በአገራችን የተጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሄደው ልጅ ነው። የት እንደ ተማረ፣ ከማን እግር ሥር እንደ ተቀመጠ፣ ምን ማዕርግ እንዳገኘ ይጻፋል። እቤት ስለ ቀሩት አባትና እናት ግን ከአንድና ከሁለት መስመር በላይ አይገኝም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን የተተወውን ወገን ነው። ነገሩ ሰፊ ስለ ሆነ ምርመራችንን በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ባለው ገበሬ ላይ እንወስናለን።

አስቀድመን አንድ ቃል እንመልከት። አማርኛችን ልጅን «ጧሪ ቀባሪ» ይለዋል። ጧሪ ማለት በእርጅና ጊዜ የሚመግብ፣ ቀባሪ ማለት ሲሞቱ አፈር የሚያለብስ ነው። ስለዚህ ልጅ ከቤት ሲወጣ ወላጅ የሚጠይቀው «ልጄ ምን ይሆን?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «እኔንስ ማን ይጦረኛል? ማንስ ይቀብረኛል?» ብሎም ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የፍቅርና የኑሮ ናቸውና አንዱን ከሌላው ለይቶ ማየት አይቻልም።

፩ኛ፤ የቆሎ ተማሪ ወላጆች

በቀድሞው ዘመን ከገበሬ ቤት ወጥቶ ሩቅ የሚሄደው በተለይ የቆሎ ተማሪ ነበረ። ንባብና ዳዊት በመንደሩ ከተማረ በኋላ ቅኔ ሲፈልግ ወደ ጎጃም፣ ድጓ ሲፈልግ ወደ ቤተ ልሔም፣ አቋቋም ሲፈልግ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ይማራል። በቤቱ እህል የሞላለት ልጅ እንኳ እንዲህ ማድረግ ነበረበት፤ በወላጅ አጠገብ የሚቀመጥ ተማሪ ለእርሻውና ለከብቱ ስለሚጠራ ትምህርቱ አይገፋለትምና።

ከዚህ የተነሣ ብዙዎቹ የሚሄዱት ተሰናብተው ሳይሆን ጠፍተው ነበረ። በሊቃውንቱ የሕይወት ታሪክ ውስጥ «ከወላጆቻቸው ጠፍተው» የሚለው ቃል ተደጋግሞ ይገኛል። አባት የሚያጣው ሞፈር ለመጨበጥ የደረሰውን ጉልበት ነው። እናት የምታጣው ደግሞ ወሬውን ነው፤ የልጅዋ ደኅንነት የሚሰማው ከንግሥ በተመለሰ መንገደኛ ወይም በሲራራ ነጋዴ አፍ ነበረና። ወረርሽኝ በገባበት ዓመት ወሬው ከነጭራሹ ሲቋረጥ ልጁ ይሙት ይኑር የሚያውቅ አልነበረም።

አንዳንድ ሰዎች «የዚያን ዘመን ወላጅ ብዙ ይወልድ ስለ ነበረ አንዱ ቢሄድበት አይጎዳም» ይላሉ። እኛ ግን ይህን አንቀበለውም። ምስክራችንም ወላጆቹ ራሳቸው ያወጡአቸው ስሞች ናቸው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ እየተባሉ የተጠሩት ልጆች በሞተው ምትክ የመጡ ናቸው። የጠፋውን በስም እስከ መተካት የደረሰ ወላጅ፣ ልጁን እንደ ቀላል ነገር ቈጥሮት ነበረ ለማለት አይቻልም።

ነገር ግን ወላጁን የሚያጽናና አንድ ትልቅ ነገር ነበረ፤ እርሱም ርስት ነው። በጎጃምና በጎንደር ሥርዓት ልጅ በአባቱም በእናቱም ወገን ርስት ይጠይቃል። ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ በትምህርት ቢቈይ፣ ተመልሶ ትውልዱን ቈጥሮ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበረ። መሬቱ እንደ ገመድ ሆኖ የሄደውን ልጅ ከቤቱ ጋር አስሮ ያቈየው ነበረ ማለት ነው። ተምሮ ሲመለስም ደብተራ ወይም መሪጌታ ሆኖ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፤ ጧሪነቱም ቀባሪነቱም ይፈጸማል።

፪ኛ፤ አዲሱ ትምህርት ቤት

ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መምህራኑን ያስመጡት ከግብጽ ቅብጦች ነበረ። ምክንያቱም ልጆቹ ሃይማኖታቸውን ይለውጣሉ የሚለው ስጋት ነው። ከሚስዮን ትምህርት ቤት የወጣን እኛም ይህ ስጋት በወላጆች ዘንድ ቶሎ እንዳልጠፋ እናውቃለን። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተመረቀ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሥራውን ጀመረ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ተማሪዎቹን በመንግሥት ወጪ ያሳድር ይመግብ ነበረ።

በዚህ ጊዜ የወላጅ ነገር በሁለት መንገድ ተለወጠ። አንደኛ፣ ልጁ አይለምንም፤ ደብዳቤም ይጽፋል፤ ማንበብ የማይችሉት ወላጆችም ለቄሱ ወይም ለጎረቤት ልጅ እየሰጡ ያስነብባሉ። ሁለተኛ ግን፣ የተማረው ትምህርት በመንደሩ ሥራ የሚያሰጥ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ለአጥቢያው የሚሆን ሙያ ይዞ ይመለስ ነበረ፤ የኮሌጁ ተማሪ የሚመለሰው ለዓውደ ዓመት ነው። ስለዚህ ወላጅ በልጁ እየኰራ ልጁን አጣው ብንል አንሳሳትም።

፫ኛ፤ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

በ1967 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በተከታታይ ሆኑ። በታኅሣሥ ወር የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስድሳ ሺሕ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። በየካቲት ወር የወጣው አዋጅ ደግሞ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። ዘመቻው ልጁን በመንግሥት ትእዛዝ ከቤቱ አወጣው፤ አዋጁ ርስትን አስቀረ። መሬት የሚሰጠው በገበሬ ማኅበሩ ውስጥ ለሚኖርና ለሚያርስ ስለ ሆነ፣ የሄደ ልጅ እንደ ቀድሞው ትውልዱን ቈጥሮ የሚጠይቀው ድርሻ አልቀረለትም። አዋጁ ጭሰኛውን ከባለ መሬቱ ቀንበር ማላቀቁ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቀደም ብለን የጠቀስነው ገመድ በዚያው ተበጠሰ። ቀጥሎም በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ብዙ ወላጆች የልጆቻቸውን ሬሳ እንኳ አንሥተው ለመቅበር ሳይፈቀድላቸው ቀረ። ቀባሪ የሚሆነው ልጅ ራሱ ቀባሪ አጣ።

በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደ ገና ከተደለደለ በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሱት ወጣቶች አብዛኛዎቹ ከወላጆቻቸው ድርሻ በቀር የሚያርሱት የላቸውም። ከዚህ የተነሣ መሄድ የወጣቱ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡም ምክር ሆነ። ዱሮ አባት ልጁ እንዳይጠፋ ይጠብቅ ነበረ፤ አሁን ግን በሬውን ሸጦ ወይም ተበድሮ ለደላላ የሚከፍለው እርሱ ነው። ሌላም ለውጥ አለ። ቀድሞ ሴት ልጅ ከቤት የምትወጣው በጋብቻ፣ ወላጆቿ ወደሚያውቋቸው አማቾች ነበረ። ዛሬ ከወሎ ገጠር ወደ ጅዳ፣ ወደ ቤይሩትና ወደ ኩዌት ለቤት ሥራ የምትሄደው እርስዋ ናት። እናቲቱ የአሠሪዎቹን ቤት አታውቀውም፤ የምታውቀው በስልክ የሚመጣውን ድምፅ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ሰዎች ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ስለ መጡ ዕዳው በወላጅ ላይ ቀረ።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የወላጅ ጭንቀት በመንገዱ ርቀት ብቻ የሚለካ አለመሆኑን ነው። የቆሎ ተማሪው እናት ወሬ አልነበራትም፤ ልጅዋ የሚመለስበት ርስት ግን ነበረ። የዛሬዋ እናት በየሳምንቱ ድምፅ ትሰማለች፤ ልጅዋ የምትመለስበት መሬት ግን የለም። በርስት ምትክ የመጣው የሚላከው ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ ይጦራል እንጂ አይቀብርም። መቅበሩን ዛሬ በልጁ ፋንታ የሚፈጽመው እድር ነው።

ጡረታን በተመለከተ ለመንግሥት ሠራተኛ ቀደም ብሎ፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛም በ2003 ዓ.ም. ሕግ ወጥቶለታል። ገበሬው ግን በእነዚህ ሕጎች ውስጥ አልገባም፤ ጡረታው ዛሬም ልጁ ነው። እንግዲህ ወጣቶች ለምን ይሄዳሉ ብለን ስንጠይቅ፣ የሚሄዱት የወላጆቻቸውን ጡረታ ይዘው መሆኑን አብረን ማሰብ ይገባናል።